ኦርጋኒክ ፍራፍሬ ለአንቲኦክሲዳንቱ ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል? እንጆሪ፣ ፖምና ሌሎችም ሲመዘኑ

ኦርጋኒክ ፍራፍሬ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንዱ ከፀረ ተባይ ኬሚካል መራቅ ነው፤ ሌላው «አንቲኦክሲዳንቱ ይበልጣል» የሚለው ነው፤ አንቲኦክሲዳንት የሰውነት ሕዋስን ከጉዳት ይጠብቃል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የመጀመሪያው በቂ ማስረጃ አለው። ሁለተኛው ግን እንደ ፍራፍሬው፣ እንደ ዝርያው፣ እንደ ዓመቱ ዝናብና ፀሐይ፣ እንደ ጓዳችንም አያያዝ የሚለዋወጥ ስለሆነ የኦርጋኒክ ማኅተም አይቶ ብቻ የሚገዛ ነገር አይደለም። ስለዚህ እዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ጎን ለጎን የሚሸጡትን ኦርጋኒክና መደበኛ ፍራፍሬዎች የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለአንቲኦክሲዳንት ተብሎ የሚከፈለው ጭማሪ የቱ ላይ ያዋጣል? መልሱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ እንጆሪ ላይ ብልጫው ማስረጃ አለው፣ ግን ከሚወራው ያንሳል፤ ኦርጋኒኩን የሚያስገዙት ሌሎች ምክንያቶች ናቸው። ፖም ላይ ዝርያውና ልጣጩ ከማኅተሙ ይበልጣሉ። ሙዝና አቮካዶ ላይ ገንዘቡን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ተክል ፖሊፌኖልን፣ ማለትም ከፍራፍሬ አንቲኦክሲዳንቶች ዋናውን ክፍል፣ የሚሠራው ለራሱ መከላከያ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታበት፣ ነፍሳት ሲበሉት፣ ሻጋታ ሲያጠቃው ያበዛዋል። ዋናው ጥሬ ዕቃ ፌኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ይህ አሚኖ አሲድ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ፕሮቲን ይሆናል፣ ወይ ወደ ፖሊፌኖል ይሄዳል። እንደ ዩሪያ ያለ ቶሎ የሚሟሟ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲበዛ ተክሉ ፈጥኖ ያድጋል፣ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ፕሮቲን ያበዛል፣ ፍሬውም ውሃ ይይዛል፤ ለፖሊፌኖል የሚተርፈው ይቀንሳል። ቫይታሚን ሲም ናይትሮጅን ሲበዛ የመቀነስ ጠባይ አለው። ኮምፖስትና ፍግ ናይትሮጅናቸውን የሚለቁት ቀስ እያሉ ነው፤ ተክሉም ዝግ ብሎ ያድጋል።

ይህን የተረዳ ገዢ አንድ ትልቅ ነገር ይገባዋል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው «ኬሚካል አለመኖሩ» ሳይሆን የናይትሮጅኑ ልክ ነው። የዶሮ ፍግ ያለ ልክ የሚያፈስ ኦርጋኒክ ገበሬ ይህን ጥቅም ያጣዋል፤ ማዳበሪያውን ቆጥቦ የሚጠቀም መደበኛ ገበሬ ደግሞ ብዙውን ያገኘዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የረጅም ጊዜ የሙከራ እርሻ ላይ ለ10 ዓመት የተሰበሰበ የደረቀ ቲማቲም (ቲማቲምም በእጽዋት ሳይንስ ፍሬ ነው) ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ውጤቱ ሲወጣ፣ ኦርጋኒኩ ውስጥ ኩዌርሴቲን የተባለው ፖሊፌኖል በ79 በመቶ፣ ኬምፕፌሮል የተባለው ደግሞ በ97 በመቶ በልጦ ተገኘ። እኛ ከቁጥሩ ይልቅ ትልቅ ቦታ የምንሰጠው ለአካሄዱ ነው። ልዩነቱ እየሰፋ የሄደው አፈሩ በኦርጋኒክ ቁስ እየዳበረ ሲመጣና የሚጨመረው ፍግ ሲቀነስ ነበር። ትናንት ወደ ኦርጋኒክ የዞረ እርሻና ለዓመታት አፈሩን የገነባ እርሻ ማኅተማቸው አንድ ነው፤ ፍሬያቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

እንጆሪ

በዚህ ግምገማ ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው እንጆሪ ነው። በ2010 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት 13 ጥንድ የንግድ እርሻዎችን፣ ማለትም ጎረቤት ለጎረቤት ያሉ ኦርጋኒክና መደበኛ እርሻዎችን፣ በሦስት ዝርያዎች ላይ አነጻጽሯል። ኦርጋኒኩ በአንቲኦክሲዳንት ኃይል በ8.5 በመቶ፣ በቫይታሚን ሲ በ9.7 በመቶ፣ በጠቅላላ ፖሊፌኖል በ10.5 በመቶ በለጠ። በፎስፈረስና በፖታሲየም ደግሞ መደበኛው በለጠ።

እነዚህን ቁጥሮች ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የኦርጋኒኩ ፍሬ በክብደት 13.4 በመቶ ያንሳል። ትንሽ ፍሬ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ቆዳ አለው፤ ቀለምና ፖሊፌኖል ደግሞ ወደ ቆዳው ይበዛሉ። ሁለተኛ፣ የደረቅ ቁስ መጠኑ በ8.3 በመቶ ይበልጣል፤ በሌላ አነጋገር ውሃው ያነሰ ነው። ይህ ቁጥር ከ8.5 ጋር እንዴት እንደተቀራረበ እዩት። እኛ እንደምናነበው፣ ከታየው ብልጫ አብዛኛው የፍሬው ውሃ ከማነሱ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የምንበላው ከነውሃው ስለሆነ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ በእርግጥ ይበልጣል። ነገር ግን «ሁለት እጥፍ አለው» የሚል ሻጭ ከዚህ ጥናት ድጋፍ አያገኝም።

ሒሳቡን በቀላሉ እንሥራው። 100 ግራም ኦርጋኒክ እንጆሪ የሚሰጠውን ለማግኘት ከመደበኛው 110 ግራም ገደማ መብላት ይበቃል፤ ልዩነቱ አንድ መካከለኛ ፍሬ ቢሆን ነው። የኦርጋኒኩ ዋጋ ከመደበኛው አንድ ተኩል ጊዜ ከሆነ፣ አንቲኦክሲዳንትን ብቻ አስቦ መክፈል አያዋጣም። እኛ ግን እንጆሪን ኦርጋኒክ ግዙ የምንለው በሁለት ተጨማሪ ምክንያቶች ነው። ያው ጥናት ኦርጋኒኩ ሳይበላሽ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳይቷል፤ ፀረ ሻጋታ ያልተረጨ ፍሬ ቶሎ ይሻግታል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ያልተጠበቀ ነው። ሌላው፣ እንጆሪ የማይላጥና ፊቱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ የፀረ ተባይ ቅሪት ከሚበዛባቸው ፍራፍሬዎች መካከል መሆኑ ነው።

ስትገዙ እሽጉን ገልብጡና ከታች እዩት፤ ጭማቂ ያረጠበው ወረቀት ካለ ውስጥ የፈረጠ ፍሬ አለ፣ ከዚያ የሚነሳው ግራጫ ሻጋታም ቀሪውን ይበላዋል። ፍሬው እስከ ቅጠሉ ሥር ቀይ መሆን አለበት። ትከሻው ነጭ ከሆነ ሳይደርስ ተለቅሟል፤ እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ ትንሽ ሊቀላ ይችላል እንጂ አይጣፍጥም፤ ጥሬውን የገዛ ጥሬውን ይበላል። ቤት ስትገቡ አትጠቡት፣ ቅጠሉንም አትንቀሉ። ሳይታጠብ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡትና ልትበሉት ስትሉ ብቻ ከነቅጠሉ በሚፈስ ውሃ አለቅልቁት፤ ቅጠሉ ቀድሞ ከተነቀለ ቫይታሚን ሲው በውሃው ይሄዳል። እንጆሪ ወቅቱ ካልሆነ ከሩቅ አገር መጥቶ የከረመውን ትኩስ ከመግዛት ስኳር ያልተጨመረበት የበረዶ እንጆሪ ይሻላል፤ ደርሶ ተለቅሞ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ቀለሙንና ቀለሙን የሚሰጠውን ፖሊፌኖል፣ አንቶሲያኒኑን፣ በደንብ ይይዛል። ብሉቤሪም እንዲሁ ነው። እንዲያውም የአሜሪካው የሜይን ግዛት የዱር ብሉቤሪ፣ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ፣ ማኅተም ባይኖረውም ከትልልቁ የእርሻ ብሉቤሪ በአንቶሲያኒን ይበልጣል።

ትልልቆቹ ጥናቶች ለምን አይስማሙም?

በ2009 የለንደን የጤናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የ50 ዓመት ጽሑፎችን አይተው 55 ጥራታቸው የሚያረካ ጥናቶችን መርጠው በአልሚ ይዘት ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም አሉ። በ2012 የስታንፎርድ ቡድን ተመሳሳይ ነገር ተናገረ፤ በፀረ ተባይ ቅሪት ግን ትልቅ ልዩነት አገኘ፤ ቅሪት የተገኘበት ከኦርጋኒኩ 7 በመቶ፣ ከመደበኛው 38 በመቶ ነበር። በ2014 ደግሞ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን 343 ጥናቶችን አዋህዶ ተቃራኒውን አወጣ፤ ኦርጋኒክ ሰብሎች ውስጥ ከፖሊፌኖል ዓይነቶች ፍላቮኖል በ50 በመቶ፣ አንቶሲያኒን በ51 በመቶ፣ ፌኖሊክ አሲድ በ19 በመቶ ይበልጣል፣ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ደግሞ በ48 በመቶ ያንሳል አለ።

ሁሉም ዋሾ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ያተኮሩት በቫይታሚንና በማዕድን ላይ ነበር፤ የኒውካስሉ ትኩረት ፖሊፌኖል ነው፣ የሰበሰባቸው ጥናቶችም በቁጥር ይበዛሉ። ነገር ግን ፍራፍሬን ከአትክልትና ከእህል ጋር በአንድ ሚዛን ስላስቀመጠ፣ «51 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ገበያ ላይ ወዳገኛችሁት አንድ ፖም ማውረድ ስህተት ነው። ከጥናቱ ገንዘብ ከፊሉ ኦርጋኒክ እርሻን ከሚደግፍ ድርጅት መምጣቱም ተገልጿል፤ ውጤቱን አይሽረውም፣ አንባቢ ግን ሊያውቀው ይገባል።

መለኪያው ራሱም ጣጣ አለው። የአንቲኦክሲዳንት ኃይልን ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የዲፒፒኤች ምርመራ ሐምራዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲለወጥ በ517 ናኖሜትር ብርሃን ይለካል። ጠቅላላ ፖሊፌኖል የሚለካው በፎሊን ዘዴ በ765 ናኖሜትር ሲሆን፣ ይህ ዘዴ ቫይታሚን ሲንና አንዳንድ ስኳሮችንም እንደ ፖሊፌኖል ይቆጥራቸዋል። ጣፋጭ ፍሬ ያለ ሥራው ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። ኦራክ የተባለው የአንቲኦክሲዳንት ኃይል ነጥብ ደግሞ ለማስታወቂያ ያለ አግባብ ስለዋለ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2012 ሰንጠረዡን ከድረ ገጹ አንስቶታል። ዛሬም እሽግ ላይ የኦራክ ቁጥር ጽፎ የሚሸጥ ካለ እለፉት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሆዳችን ውስጥ የሚሆነው ነው። ሰው ፖም በልቶ ደሙ ሲመረመር የአንቲኦክሲዳንት ኃይሉ ይጨምራል። በ2004 በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት ይህ ጭማሪ የመጣው ከፖሙ ፖሊፌኖል ሳይሆን የፍሬው ስኳር፣ ፍሩክቶስ፣ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድን ከፍ ስለሚያደርግ መሆኑን አሳይቷል። ፖሊፌኖል ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ይህ ፍራፍሬን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ በብልቃጥ ውስጥ የታየው የ10 በመቶ ብልጫ ግን ሰውነታችን ውስጥ 10 በመቶ ብልጫ ሆኖ ይቀጥላል ብላችሁ አትክፈሉ።

ፖም

ፖም ላይ ማኅተሙን ከመፈለጋችሁ በፊት ዝርያውን ምረጡ። ጎልደን ዴሊሽየስ በተባለው ዝርያ ላይ ለሦስት ዓመት የተደረገ ንጽጽር በአንዳንዱ ዓመት ኦርጋኒኩ ሲበልጥ፣ በአንዱ ዓመት ምንም ልዩነት ሳይኖር ተገኝቷል፤ የዓመቱ አየር ጠባይ ያመጣው ልዩነት የእርሻ ዘዴው ካመጣው በልጧል። ሁለቱን ፖሞች በበሉ ሰዎች ላይም ፖሊፌኖሉ ወደ ሰውነት በመግባቱ ልዩነት አልታየም። ቀይ ልጣጭ ያላቸው እንደ ሬድ ዴሊሽየስ ያሉት ግን ከጎልደን ዴሊሽየስ ሲነጻጸሩ በግልጽ የበለጠ አላቸው። ኩዌርሴቲኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ኦርጋኒክ ፖም ገዝቶ ልጦ የሚበላ ሰው የከፈለበትን ነገር ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፤ መደበኛውን በደንብ አጥቦ ከነልጣጩ የሚበላ ይበልጠዋል።

ስለዚህ አስተጣጠቡ ከዋጋው እኩል ቁም ነገር ነው። በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ከተራ ውሃም ከክሎሪን ውሃም ይልቅ የፀረ ተባይ ቅሪትን ከፖም ላይ እንደሚያነሳ አሳይተዋል። ልኩ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ነው። ፖሙን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ ነክሮ ያወጣዋል፤ አይበቃም። ሙሉ በሙሉ እንደማይነጻም እወቁ፤ ከለቀማ በኋላ የሚደረገው ቲያቤንዳዞል የተባለው ፀረ ሻጋታ ወደ ልጣጩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ እዚያ ሶዳው አይደርስበትም። ልጆቻችሁ ፖም በየቀኑ ከነልጣጩ የሚበሉ ከሆነ ኦርጋኒኩን የምንመርጥበት ትክክለኛ ምክንያት ይህ ነው። እንጆሪን ግን በዚህ መንገድ አትዘፍዝፉት፤ ውሃ ጠጥቶ ይላሽቃል።

የፖም ጭማቂን በተመለከተ አጭር ነገር፦ ኦርጋኒክ ተብሎ በውድ የሚሸጥ፣ ተጣርቶ እንደ ብርጭቆ የጠራ የፖም ጭማቂ ለዚህ ዓላማ የማይረባ ግዢ ነው። ፖሊፌኖሉ አብዛኛው ከተጨመቀው ተረፈ ምርት ጋር ይቀራል። መግዛት ካለባችሁ ድፍርሱን ግዙ።

ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስና ፓፓያ ልጣጫቸው ይጣላል። አቮካዶ፣ አናናስና ፓፓያ በየዓመቱ ቅሪት ከሚያንስባቸው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። መደበኛውን ግዙ። ብርቱካንም ለሚበላው ሥጋው መደበኛው ይበቃል፤ ልጣጩን ፍቆ ለሻይ ወይም ለኬክ የሚጠቀም ግን ኦርጋኒክ ይፈልግ።

የደረቀ አፕሪኮት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደማቅ ብርቱካናማው ቀለሙን የያዘው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቡናማውና ያላማረው ሰልፈር ያልነካው ነው፣ ኦርጋኒኩም እንዲህ ይመስላል። መበላሸት አይደለም። ሰልፋይት በፎሊን ምርመራ ላይ ነጥብ ከፍ ስለሚያደርግ የደማቁ ውጤት በቁጥር አሳሳች ሊሆን ይችላል።

ማኅተሙን ማንበብ

አሜሪካ ውስጥ በፍሬው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ከማስታወቂያው ሁሉ የበለጠ ትናገራለች። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ከሆነ መደበኛ ነው፤ ከፊቱ 9 ተጨምሮ አምስት አሃዝ ከሆነ ኦርጋኒክ ነው። ሙዝ 4011 ሲሆን ኦርጋኒኩ 94011 ነው። የዩኤስዲኤ ማኅተም ለማግኘት መሬቱ ከመታረሱ ሳይሆን ከሰብል ለቀማው በፊት 3 ዓመት የተከለከለ ነገር ያልነካው መሆን አለበት። በአውሮፓ አረንጓዴ ቅጠሏን ከነመቆጣጠሪያ ድርጅቱ መለያ ቁጥር ፈልጉ። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ግን ስለ አስተራረሱ ምንም አይናገርም። ኦርጋኒክ ማለት ያልተረጨ ማለትም አይደለም፤ ሰልፈር፣ የመዳብ ውህዶችና ስፒኖሳድ የተባለው ፀረ ነፍሳት ይፈቀዳሉ፤ መዳብ አፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎግራም እንዳይበልጥ ገድቦታል። እጥበት ለኦርጋኒኩም ግዴታ ነው።

ሀገር ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለን፣ ነገር ግን የሀገር ውስጥ ገበያ ላይ ፍራፍሬ በማኅተም አይለይም። የወለጋና የአሶሳ ማንጎ፣ በየጓሮው ያለው ዘይቱን (ጓቫ) ብዙው ማዳበሪያም መርጫም ሳያውቀው ያደገ ነው፤ የምስክር ወረቀት ግን የለውም። እዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት ከየት መጣ፣ መቼ ተለቀመ የሚለውን ነው። ጥሬውን ተለቅሞ በመንገድ የበሰለ ማንጎ ዛፉ ላይ የደረሰውን ያህል ቤታ ካሮቲን አይሠራም። ምርጫው ደግሞ ከማኅተም ይበልጣል፤ 100 ግራም ዘይቱን 228 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ሲኖረው ብርቱካን 53 ያህል ነው። የትኛውም የእርሻ ዘዴ ብርቱካንን አራት እጥፍ አያደርገውም።

በመጨረሻ ስለ ጁስ። በ2023 የወጣ ጥናት ሙዝ ከሌላ ፍራፍሬ ጋር ሲፈጭ ውስጡ ያለው ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም የፍሬዎቹን ፍላቫኖል፣ ማለትም ሌላ የፖሊፌኖል ዓይነት፣ እንደሚያጠፋ አሳይቷል፤ ወደ ሰውነት የሚገባው ፍላቫኖሉ ያለ ሙዝ በእንክብል ከተወሰደበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በ84 በመቶ ቀንሷል። ውድ ኦርጋኒክ ብሉቤሪ ገዝቶ ከሙዝ ጋር የሚፈጭ ሰው ከየትኛውም የእርሻ ልዩነት የሚበልጥ ኪሳራ ያደርሳል። ለቤሪ ጁስ ማወፈሪያ ማንጎ፣ አናናስ፣ ብርቱካን ወይም እርጎ አድርጉበት፣ ፈጭታችሁ ሳታስቀምጡ ወዲያው ጠጡት፤ ሙዙን ለብቻው ብሉት።